የመርከቡ ፊት ላይ ባለበረንዳ ካቢን ልያዝ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በክሩዝ መርከብ ለመዝናናት ያሰበ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀኝ ስለ ዋጋና ስለ ምግብ ነው። አንዳንዱ ግን የመርከቡን ካቢኖች (የመኝታ ክፍሎች) ፕላን ስልኩ ላይ ከፍቶ፣ ጣቱን ጫፉ ላይ ያሳርፍና «ይሄኛውስ? ባሕሩን ፊት ለፊት እያየሁ ብሄድስ?» ይላል። እኔም አንድ ጊዜ እንደዚሁ ብዬ ከፍያለሁ። ስለዚህ ከታች ያለው ግማሹ የማውቀው፣ ግማሹ የደረሰብኝ ነው።

«ፊት ያለ ካቢን» እና «ወደ ፊት የሚያይ ካቢን» አንድ አይደሉም እንዴ?

አይደሉም። ሰው ከሁሉ በላይ የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው።

«ፎርዋርድ» ተብሎ የተጻፈ ካቢን በመርከቡ የፊት ክፍል ይገኛል ማለት ብቻ ነው። በረንዳው ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ሊያይ ይችላል፤ አብዛኛውም እንደዚያው ነው። ወደ ፊት የሚያየው ካቢን ሌላ ነው። በረንዳው ላይ ሲቆሙ ካፒቴኑ የሚያየውን ያያሉ። መርከቡ የሚሄድበት አቅጣጫ ከፊትዎ ነው።

ለመለየት ፕላኑን አጉልተው ይመልከቱ። በረንዳ ብዙ ጊዜ ከካቢኑ ጫፍ ላይ እንደ ትንሽ ሳጥን ነው የሚሳለው። ሳጥኗ ወደ መርከቡ አፍንጫ ካየች የፈለጉት እሱ ነው። ወደ ጎን ካየች ተራ ባለበረንዳ ካቢን ነው፤ ፊት አካባቢ ከመሆኑ በቀር።

ሌላም የሚያሳስት ነገር አለ። ወደ ፊት የሚያይ ሁሉ በረንዳ የለውም። ለምሳሌ ሮያል ካሪቢያን በአንዳንድ መርከቦቹ ላይ «ፓኖራሚክ» የሚላቸው ካቢኖች አሉት። ግድግዳውን የሚያህል ትልቅ መስኮት አላቸው፤ መውጫ በር ግን የላቸውም። ይህን ልብ ሳይል ይዞ በኋላ የበረንዳ በር የሚፈልግ ሰው አጋጥሞኛል።

በየመርከቡ ላይ ይገኛል?

አይገኝም። ባለበት መርከብ ላይም በጣት የሚቆጠር ነው። የመርከብ ፊት ጠባብ ነው፤ ከዚያ ላይ ካፒቴኑ የሚነዳበት ክፍል፣ ቲያትሩ፣ ጂሙ ይሻሙበታል። የተረፈው ቦታ ብዙ ጊዜ ለትላልቆቹ ስዊቶች ይሰጣል። ኖርዌጂያን ክሩዝ ላይን በአንዳንድ መርከቦቹ ላይ ወደ ፊት የሚያይ ፔንትሃውስ የሚል ምድብ አለው። ኦሺንያ ደግሞ «ቪስታ ስዊት» የሚላቸው አሉት፤ ስማቸውን ያገኙት በመርከቡ አፍንጫ ላይ ካለው እይታ ነው። እነዚህ ርካሽ አይደሉም።

በረንዳው ላይ ቁጭ ብዬ ቡና መጠጣት እችላለሁ?

መርከቡ ወደብ ላይ ቆሞ ከሆነ ይችላሉ። ሲሄድ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ሒሳቡን እንሥራው። ትልቅ መርከብ ባሕር ላይ በ20 ኖት ሄደ እንበል። ይህ በሰዓት 37 ኪሎ ሜትር ነው። ባሕሩ ላይ አንዳች ንፋስ ባይኖር እንኳ፣ በረንዳዎ ላይ በሰዓት 37 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ንፋስ አለ ማለት ነው። ከሚኒባስ መስኮት ፊትን እንደ ማውጣት ነው። ከፊት ለፊት 15 ኖት ንፋስ ከመጣ ደግሞ ይደመራል። 35 ኖት ይሆናል፤ በሰዓት 65 ኪሎ ሜትር ገደማ። በተቃራኒው ንፋሱ ከኋላ ከሆነ ይቀነሳል። ያን ጊዜ በረንዳው በድንገት ጸጥ ይልና መርከቡ የቆመ ይመስላል። ያ ግን ዕድል ነው።

የእኔን ላጫውታችሁ። በመጀመሪያው ጠዋት ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሣሁ፤ ፀሐይ ስትወጣ ለማየት። ቡናዬን በግራ እጄ ይዤ የበረንዳውን በር በቀኜ ገፋሁት። እምቢ አለ። የተቆለፈ መስሎኝ መቆለፊያውን አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ አዞርኩት። አልተቆለፈም፤ ንፋሱ ነው ከውጭ የያዘው። በትከሻዬ ደገፍ ብዬ ከፈት ሳደርገው ጠረጴዛው ላይ የነበረው ወረቀት ሁሉ ተነሥቶ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። ቡናው ከስኒው ወጥቶ ሸሚዜ ላይ አረፈ። ይባስ ብሎ በዚያችው ደቂቃ ባለቤቴ ከኮሪደሩ በኩል ገባ ልትል የካቢኑን በር ከፈተች። በሩ ከእጇ ተነጥቆ «ጓ!» ብሎ ተመልሶ ተዘጋ። ጎረቤት ሁሉ ነቃ። በቀጣዩ ቀን ሊፍት ውስጥ አንድ ሽማግሌ ሰውዬ «የበሩ ሰዎች እናንተ ናችሁ?» አሉን።

ከዚያ ወዲህ የተማርኩት አንድ ሕግ ነው፤ ሁለቱን በሮች በአንድ ጊዜ አይክፈቱ። አንዱ ሲከፈት ሌላው ዝግ ይሁን። በረንዳው ላይ ፎጣ፣ ባርኔጣ፣ ወረቀት አይተዉ። ንፋሱ ከበረታ ሠራተኞቹ ራሳቸው በረንዳው እንዲዘጋ ሊያዝዙ ይችላሉ። ያን ጊዜ «ከፍዬበታለሁ» ማለት አይሠራም።

በጣም ያናውጣል የሚሉት እውነት ነው?

እውነት ነው። አገር አቋራጭ አውቶቡስ ላይ ኋላ ወንበር የተቀመጠ ሰው ይህን ያለ ማስረዳት ይገባዋል። ጉድጓድ ሲመጣ መሐል ያለው ነቅነቅ ይላል፤ ኋላ ያለው ጣሪያ ሊነካ ምንም አይቀረው። መርከብም ላይ መሐሉ ያርፋል፣ ጫፎቹ ይነሣሉ ይወድቃሉ።

ማዕበል ከፊት ሲመጣ መርከቡ በመሐሉ ላይ እንደ ሚዛን ይዋልላል። መሐል ያለው ሰው ጥቂት ይሰማዋል። አፍንጫው ላይ ያለው ግን ከፍ ዝቅ ይላል፤ ልክ ሊፍት በድንገት ሲወርድ ሆድ ውስጥ እንደሚሰማው ዓይነት። አንዳንዴ አፍንጫው ከውሃው ተነሥቶ ሲመለስ «ዱም» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ አልጋውም ይንቀጠቀጣል። ከሰዓት በኋላ ንፋስ ተነሥቶ እያለ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ በጀልባ የተሻገረ ሰው ይህን ድምፅ ያውቀዋል። እዚህ የጀልባዋ ቦታ ላይ የአሥራ ምናምን ፎቅ ሕንፃ አለ፤ ነገሩ ግን ያው ነው።

«ዘመናዊ መርከብ ማረጋጊያ ክንፍ አለው፤ አይናወጥም» የሚሉ ይኖራሉ። ክንፎቹ አሉ፣ ይሠራሉም። የሚቀንሱት ግን ወደ ግራና ወደ ቀኝ መንገዳገዱን ነው። ከፊት ወደ ኋላ ያለውን መነሣትና መውደቅ አይዙትም። የፊት ካቢን ተሳፋሪ የሚቸገረው ደግሞ በዚሁ በሁለተኛው ነው። ሻጭ ይህን አይነግርዎትም።

ማቅለሽለሽ የሚያስቸግርዎ ከሆነ፣ መኪና ውስጥ ስልክ ማንበብ እንኳ የሚያዞርዎ ከሆነ፣ ከእኔ ምክር ከፈለጉ ይተዉት። «አይ፣ እችለዋለሁ» ካሉ ደግሞ ድራማሚን ወይም ቦኒን የመሰለ መድኃኒት ይዘው ይሂዱ። መድኃኒቱ በደንብ የሚሠራው ሕመሙ ከመጀመሩ በፊት ሲወሰድ ነው። ሌላ መድኃኒት የሚወስዱ ወይም ነፍሰ ጡር ከሆኑ ሐኪም ይጠይቁ። ዝንጅብል የሚረዳቸው ሰዎችም አሉ። ባዶ ሆድ መሆን ግን ያባብሰዋል።

ማታ መጋረጃ ዝጉ የሚሉን ለምንድን ነው?

ካፒቴኑ የሚነዳበት ክፍል ብዙ ጊዜ ከእርስዎ ካቢን በላይ፣ በታች ወይም እዚያው አጠገብ ነው። ሌሊት እዚያ ውስጥ መብራት የለም ማለት ይቻላል። መኰንኖቹ ዓይናቸው ጨለማውን ለምዶ ነው ትንሽ ጀልባ የሚያዩት። ከፊት ካቢን የሚወጣ ብርሃን ያንን ያበላሸዋል። ስለዚህ ከጨለመ በኋላ መጋረጃው ይዘጋ፣ የበረንዳው መብራት ይጥፋ የሚል ወረቀት ካቢንዎ ውስጥ ሊያገኙ ይችላሉ። ከረሱት ስልክ ይደወልልዎታል። በጨዋ ቋንቋ ነው የሚሉት፤ ግን ቀልድ የለበትም።

በጎ ጎኑ፣ የካቢኑን መብራት በሙሉ አጥፍተው በጨለማ ቢወጡ ማንም አይከለክልዎትም። መሐል ባሕር ላይ፣ ከፊት አንድም መብራት በሌለበት፣ ከዋክብቱ የገጠር ሌሊትን ያስታውሳሉ።

በረንዳው መስታወት ነው ወይስ ብረት?

ይህን ሳይጠይቁ ገንዘብ አይክፈሉ። የጎን በረንዳ ብዙ ጊዜ የመስታወት መከለያ አለው፤ ተቀምጠው ባሕሩን ያያሉ። የፊት በረንዳ ግን ንፋሱንና የሚረጨውን ውሃ እንዲችል ብዙ ጊዜ በብረት ነው የሚከለለው። ብረቱ እስከ ደረት ከደረሰ፣ ወንበር ላይ ሲቀመጡ የሚያዩት ነጭ ቀለም ብቻ ነው። ለዚያ ደግሞ ቤት መቀመጥ ይሻላል። የካቢኑን ቁጥር ይዘው ድርጅቱን ይጠይቁ፤ ወይም እዚያ ያረፈ ሰው የቀረጸውን ቪዲዮ ዩቲዩብ ላይ በመርከቡ ስምና በካቢኑ ቁጥር ይፈልጉ።

ከላይ የሕዝብ መመልከቻ ሰገነት ካለም፣ ወደ ታች የሚያዩት እርስዎን ነው። በፒጃማ ለመውጣት ያሰበ ይህን ይወቅ።

ፕላኑ ላይ ሌላ ምን ልይ?

ከላይዎና ከታችዎ ያለውን። ቲያትሩ ብዙ ጊዜ በመርከቡ ፊት፣ ዝቅ ካሉት ፎቆች ላይ ነው፤ የማታው ሙዚቃ ወለልዎ ላይ ይመታል። ጂሙ ደግሞ ብዙ ጊዜ ፊት ላይ፣ ከላይ ነው፤ ሰው ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ጭንቅላትዎ ላይ ይሮጣል። ከላይም ከታችም ካቢን ያለበት ካቢን ሰላም ነው።

ዝቅ ያለ ፎቅ ላይ ከሆኑ ሌላም አለ። መርከቡ ወደብ ሲጠጋ ፊቱን ወደ ጎን የሚገፉ ሞተሮች ይነሣሉ፤ እነሱ ያሉት አፍንጫው ላይ ከውሃ በታች ነው። መልሕቁም እዚያው ነው። እንደ ግራንድ ኬይማን ባሉ፣ መርከብ የሚጠጋበት መድረክ በሌላቸውና ሰው በትንሽ ጀልባ በሚወርድባቸው ቦታዎች መልሕቅ ሲጣል፣ የሰንሰለቱ ድምፅ ከእንቅልፍ ያስነሣል።

መራመዱንም ያስቡበት። እንደ አይከን ኦቭ ዘ ሲስ ያለው መርከብ 365 ሜትር ይረዝማል። ከፊት ካቢን ተነሥቶ ኋላ ወዳለ ምግብ ቤት መሄድ የእግር መንገድ ነው። እናትዎን ይዘው ከሆነ፣ በቀን ሦስት ጊዜ ደርሶ መልስ መሆኑን አይርሱ።

ታዲያ መቼ ነው የሚያዋጣው?

መርከቡ ቀስ ብሎ በሚሄድበትና የሚታይ ነገር ከፊት በሚመጣበት ጉዞ። የሁሉም ነገር ቁልፍ ይኸው ነው። ቀስ ሲል ንፋሱ ይቀንሳል፤ በየብስ በተከበበ ውሃ ውስጥ ሲሆን ደግሞ ማዕበሉ ይቀንሳል። የፊት በረንዳ ሁለቱ ጠላቶች በአንድ ጊዜ ይጠፋሉ።

በእኔ አስተያየት አንደኛው የፓናማ ቦይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1914 የተከፈተው ይህ ቦይ ርዝመቱ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መርከቡ በውሃ ደረጃዎች (በር ተዘግቶ ውሃ ሲሞላባቸው መርከቡን ከፍ በሚያደርጉ ገንዳዎች) ከባሕሩ በላይ 26 ሜትር ወደ ጋቱን ሐይቅ ይወጣል፤ ከዚያ በሌላው በኩል ይወርዳል። በረንዳዎ ላይ ቆመው ግዙፉ የብረት በር ከፊትዎ ሲከፈት ያያሉ። በአሮጌው ቦይ የደረጃው ስፋት 33.5 ሜትር ብቻ ነው። ትልቅ መርከብ ሲገባ በግራና በቀኝ የሚቀረው አንድ ሜትር የማትሞላ ክፍተት ነው። በሐዲድ ላይ የሚሄዱ ትንንሽ ባቡሮች በገመድ ይዘው መሐል ያደርጉታል። የጎን በረንዳ የያዘ ሰው በዚህ ጊዜ የሚያየው የሲሚንቶ ግድግዳ ነው። እርስዎ ግን ሙሉውን ያያሉ።

ሁለተኛው አላስካ ነው። ግሌሸር ቤይ ውስጥ ማርጀሪ የሚባለው የበረዶ ግግር ከውሃው በላይ 76 ሜትር ገደማ ይቆማል፤ ስፋቱ አንድ ማይል ያህል ነው። መርከቡ ወደ እሱ ሲጠጋ ፊት ላይ ያለ ሰው አስቀድሞ ያየዋል። እዚህ ላይ ግን አንድ ሐቅ አለ። መርከቡ እዚያ ደርሶ ቀስ ብሎ ይዞራል፤ ግራም ቀኝም ያለው ሁሉ ያያል። ከዚያም ባለፈ ብዙ መርከቦች በዚያ ቀን አፍንጫቸውን ለሕዝብ ይከፍታሉ። ሆላንድ አሜሪካ የሚባለው የመርከብ ድርጅት እዚያ ላይ ትኩስ የአተር ሾርባ የማደል ልማድ አለው። ሾርባዎን ይዘው ከሁሉ ሰው ጋር ማየት ከቻሉ፣ ለፊት ካቢን ያን ያህል መክፈል ያስፈልጋል ወይ? እኔ እጠራጠራለሁ።

ሦስተኛው የኖርዌይ ፊዮርዶች፣ ማለትም በተራሮች መሐል የሚገቡት ጠባብ የባሕር ክንዶች ናቸው። ጋይራንገር የሚባለው 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ተራሮቹ መሐል ይገባል። ግራና ቀኝ ገደል፣ ከገደሉ ላይ ፏፏቴ። የጎን በረንዳ አንዱን ግድግዳ ያሳይዎታል፤ የፊቱ ሁለቱንም።

ካሪቢያን ላይ ግን? መርከቡ ብዙ ጊዜ ሌሊት ይሄዳል፣ ቀን ወደብ ይቆማል። ከፊት የሚያዩት ጨለማ ነው፤ እሱንም መጋረጃ ዘግተው። እዚያ ላይ አልመክርም።

እኔ ያለሁት ሜሪላንድ ነው፤ ከባልቲሞር ብነሣስ?

ይህን በተለይ ዲሲ አካባቢ ያሉ ወገኖች ይጠይቁኛል፤ አውሮፕላን ሳይከፍሉ በመኪና ወደቡ ስለሚደርሱ። አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ የመጀመሪያዋ ማታ ታታልላለች። ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ 320 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ የተከለለ ውሃ ነው። መርከቡ ሲወርድ አልጋዎ አይነቃነቅም። «ይሄ ነው የሚያስፈሩን?» ይላሉ። ከዚያ አትላንቲክ ላይ ይወጣል። ወደ ባሃማስ ከሆነ ደግሞ በኬፕ ሃተራስ በኩል ያልፋል። ቀዝቃዛውና ሞቃቱ የባሕር ጅረት የሚገናኙበት፣ ከጥንት ጀምሮ መርከብ የበላ ቦታ ነው፤ የአትላንቲክ መቃብር የሚል ስም አለው። በተለይ በቅዝቃዜው ወራት ከሆነ መሐል ላይ ዝቅ ያለ ካቢን ይያዙ።

ከሃይፋ ወደ ግሪክ ደሴቶች ለምትሄዱ፣ በሐምሌና በነሐሴ ኤጂያን ባሕር ላይ ሜልተሚ የሚባል ብርቱ ንፋስ ከሰሜን ይነፍሳል። መርከቡ ወደ ሰሜን ሲወጣ በቀጥታ ከፊት ይመጣል። ከዱባይ ወይም ከዶሃ የሚነሡት ጉዞዎች አብዛኛውን ጊዜ ረጋ ያሉ ናቸው።

በነገራችን ላይ፣ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ከካቢኑ በፊት ቪዛውን ያጣራ። ከሲያትል ወደ አላስካ የሚሄዱ መርከቦች እንኳ ካናዳ ላይ የሚቆሙት ወደው አይደለም። የውጭ ባንዲራ ያለው መርከብ በሌላ አገር ወደብ ሳይቆም ከአሜሪካ ተነሥቶ አሜሪካ ሰው እንዳያወርድ የሚከለክል እ.ኤ.አ. የ1886 ሕግ አለ።

ልጆች ይዤ ብሄድስ?

በሩ ያሳስበኛል። ንፋስ የያዘው በር የልጅ ጣት አያዝንለትም። ልጆቹ ትንንሽ ከሆኑ ሌላ ካቢን ይምረጡ።

ዋጋው እንዴት ነው? «ጋራንቲ» የሚባለውን ብወስድስ?

ፊት ሆኖ ወደ ጎን የሚያይ ባለበረንዳ ካቢን ብዙ ጊዜ ከመሐሉ ይረክሳል፤ ምክንያቱም ይናወጣል። ወደ ፊት የሚያየው ግን ጥቂት ስለሆነና ስዊት ስለሚሆን ይወደዳል። ጋራንቲ ማለት ምድቡን ይገዛሉ፣ ቁጥሩን እነሱ ይመርጡልዎታል ማለት ነው። የተወሰነ ካቢን ለሚፈልግ ሰው አይሆንም። ቁጥሩን ራስዎ ይምረጡ፤ ቀደም ብለው፣ ቢቻል ከዓመት በፊት።

ካልሆነ በምትኩ ምን ልያዝ?

ኋላ ያለ በረንዳ ከንፋስ ይጠለላል፤ መርከቡ ጥሎት የሚሄደው ነጭ የአረፋ መንገድ ያሳይዎታል። አንዳንዴ ከጭስ ማውጫው ጥላሸት ይወርዳል፤ የሞተሩም ንዝረት አለ። እኔ የምወደው ግን ሌላ ነው። እንደ ሴሌብሪቲ ሶልስቲስ ባሉ መርከቦች ጎን ላይ፣ መሐል አካባቢ፣ መርከቡ እንደ ሆድ ወጣ የሚልበት ቦታ አለ። እዚያ ያሉ በረንዳዎች ሰያፍ ናቸው። ከጎንም ያያሉ፣ ገደድ ብለው ወደ ፊትም ያያሉ፤ ንፋሱ ግን ያን ያህል አይመታም። ካቢኑም መሐል ስለሆነ ይረጋል።

ገብቼ ካልተስማማኝ መቀየር እችላለሁ?

መርከቡ ካልሞላ። በመጀመሪያው ቀን፣ ሻንጣዎን ሳይፈቱ፣ እንግዳ መቀበያው ጋ ሄደው ይጠይቁ። እኔ በሦስተኛው ቀን ሄጄ ነው የጠየቅኩት። ልጅቷ ኮምፒውተሯን አየት አድርጋ «ሙሉ ነን» አለችኝ፤ ከዚያ ከመሳቢያዋ ሁለት የማቅለሽለሽ ክኒንና አንድ አረንጓዴ ፖም አውጥታ ሰጠችኝ።